የረኀብ ልስላሴ

የሱፍ በግ አርቢዎቹ ማኅበር በየዓመቱ አንድ አውራ በግ ይመርጣል። የተመረጠው አውራ ከአባል ወደ አባል እየተዘዋወረ እንስቶቹን ያጠቃል፤ በሚከተለው ዓመት በየጋጣው የሚወለደው ግልገል ሁሉ የእርሱን ሱፍ ለብሶ ይወለዳል። በዚህ ሥራ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን ብቻውን ተሸክሞ አይቀርም፤ ስሕተቱ ይወልዳል፣ ይዋለዳል፣ በሰው ሁሉ ደጅ ይረባል። ስለዚህ መራጭነቱን ላገኙት ሰው ሁሉ አይሰጡትም ነበር። ብዙ ዘመን ይዞት የኖረው፣ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ሰው ሁሉ ረስቶለት፣ «አባ ሚዛን» ብቻ እየተባለ የሚጠራ ሽማግሌ ነው።

የአባ ሚዛን ኑሮ እንደ ንግግሩ አጭር ነበር። አንድ ኮት፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ አንድ ቃል። ከማዕድ ሳይጠግብ ይነሣል፤ ሳይጠየቅ በነገር መካከል አይገባም። ሌላው ሰው የበግ ጀርባ ሲዳስስ ሱፍ ይነካል፤ እርሱ ግን ዐይኑን ጨፍኖ ሲዳስስ የበጉን አያት ቅድመ አያት የሚቆጥር ይመስል ነበር። በአድልዎ ታምቶ ስለማያውቅም በበጋ ወራት መንጎቹ ወደ ወንዙ ዳር መስክ የሚገቡበትን የግጦሽ ተራ የሚያወጣው እርሱ ነው። ምላሷ የማይደክመው ባለቤቱ፣ «የኔ ባል እኮ ጥላው ወደ አንድ ወገን ተጋድሞ ካየ ዞሮ ይቆጣዋል» እያለች ትስቅበታለች።

ከልጆቹ መካከል በበግ ሥራ የቀረችለት ታናሺቱ ብቻ ናት። እርሷም ብትሆን በከተማው ፈትል ፋብሪካ ሠርታ፣ ባጠራቀመችው ገንዘብ እንስት በጎች ገዝታ የተመለሰች ናት። እስካሁን ለምርጫ ያቀረበቻቸው ወጠጤ በጎች ሁሉ ወደ ኋላ ቀርተውባት ነበር። ዘንድሮ ግን ግንባሩ ላይ ግራጫ ጥላ ያለበት፣ «ጭጋግ» ያለችው አንድ ወጠጤ አድጎላታል።

ከምርጫው አስቀድሞ ልብስ እያጣጠፈች ለወላጆቿ ቁርጡን ነገረቻቸው። «ጭጋግ ካልተመረጠ በጎቹን ሸጬ ወደ ፋብሪካው እመለሳለሁ። ሰው መጨረሻ ለመሆን ይህን ያህል አይለፋም።»

እናትየዋ ባሏን ተመለከተች። አባ ሚዛን ጫማውን መወልወል ቀጠለ። ልጁ እንድትቀርለት ከዕለት እንጀራው ይልቅ ይመኝ ነበር፤ ነገር ግን ይህን መናገር እርሱ ዘንድ ለዳኛ ጉቦ እንደ ማሳየት ነበረ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። በመሸለቻው አዳራሽ ወለሉ ከበግ ወዝ የተነሣ ያሟልጫል፤ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የየወጠጤው የሱፍ ናሙና በየከረጢቱ ተደርድሯል። ከምርምር ጣቢያው የመጣችው ለኪ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ፣ ናሙናዎቹን በየተራ ማሽኑ ውስጥ ታስገባለች። ማሽኑ ከዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮ የማይበልጥ ሣጥን ነው፤ የአንዲትን የሱፍ ጸጉር ውፍረት ግን የሰው ዐይን በማይደርስበት ልክ ይለያል።

ለኪዋ ቀና አለች። «አለቀ። ከሁሉ ቀጭን ሱፍ የተገኘው ከጭጋግ ነው። ሁለተኛው አጠገቡም አይደርስም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሁለተኛ የወጣው አውራ ባለቤት፣ ስለ ድምፁ ትልቅነት «መለከት» የሚሉት ጎረቤት፣ ወንበሩን እየገፋ ተነሣ።

«እሰይ! የዓይጥ ምስክር ድንቢጥ! ማሽኑንም አባ ሚዛን ነው የወለደው በሉኛ!»

«ማሽን ዘመድ የለውም፣ ጋሼ» አለች ለኪዋ።

«ዘመድ የሌለው ማን አለ ልጄ? የተሰካበት ሶኬት እንኳ የማኅበሩ ነው!»

ሰው ሁሉ ሣቀ፤ የአባ ሚዛን ልጅም በሩ አጠገብ ጭጋግን በአንገቱ ይዛ ቆማ አብራ ሣቀች። ፊቷ በርቶ ነበር።

በማኅበሩ ደንብ ማሽኑ ከተናገረ በኋላ መራጩ በጉን ዳስሶ «እጄም ተስማምቷል» ካላለ ምርጫው አይጸናም። አባ ሚዛን ቀረበ፤ የጭጋግን ጎን በሁለት መዳፉ ከፈተ። ሱፉ እንደ ጭስ ለሰለሰበት። ልቡ «ልጄ ቀረችልኝ» ብላ ዘለለች፤ እርሱም እንደ ልማዱ ልቡን ገሠጻት።

ከዚያም ከጎኑ አንዲት ዘለላ ነጭቶ፣ ሁለቱን ጫፎች በጣቶቹ ወጥሮ፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ በመካከለኛ ጣቱ መታት። ጤናማ የሱፍ ዘለላ ሲመታ እንደ ክር ይጮኻል። ይህቺኛዋ ግን ቀጭ ብላ በመካከሏ ተበጠሰች።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ድምፁን የሰማ ማንም የለም። አባ ሚዛን ጣቶቹን በቁራጮቹ ላይ ጨበጠ።

«ቃልህን ስጠን እንጂ!» አለ መለከት።

«ነገ ጧት።»

«ምን ነገ አለው? አንተ ለመናገር ነገን ጠብቀህ ታውቃለህ?»

አባ ሚዛን ቁራጮቹን እንደ ጨበጠ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበግ ሱፍ ዓመቱን ሙሉ ሲያድግ የኑሮውን ዘመን በራሱ ላይ ይዞ ያድጋል፤ የዘለላው ጫፍ የአምናው፣ ከቆዳው ሥር ያለው የትናንቱ ነው። በግ ሲራብ በዚያ ወር የሚበቅለው ሱፍ፣ በድርቅ እንደሚመነምን ምንጭ ይቀጥናል። ቅጥነቱ ለዐይን ያምራል፣ ለእጅ ይለሰልሳል፣ ማሽኑንም ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ቀጥኖ የደከመ ነውና ይበጠሳል፤ ደግሞም አይወረስም። ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ደሙን እንጂ ረኀቡን አይደለም፤ የጭጋግ ልጆች በለመለመ መስክ ቢያድጉ ሱፋቸው ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ማኅበሩ ዘር የመረጠ መስሎት ረኀብን ሊመርጥ ነበር።

ልጅቱ በጋጣዋ ውኃ ስታቀርብ አገኛት።

«አባባ፣ ለምን ነገ አሉ? ሰው ግራ ገባው እኮ!»

እጁን ከፈተ። ሁለቱ ቁራጮች በመዳፉ ላይ ነበሩ።

«ይህን በግ አስርበሽዋል። ሱፉ እንዲቀጥን ብለሽ ነው?»

ልጅቱ ባልዲውን አስቀመጠች። ቁራጮቹን ተቀብላ በፋብሪካ የለመደችውን ያህል በጥንቃቄ አየቻቸው። እንዲህ ያለው ሱፍ ማበጠሪያው ላይ እንደ ብናኝ ሆኖ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይታለች። መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ፤ ቀጥሎ የተበጠሰበትን ቦታ በጥፍሯ ለክታ ቀና አለች።

«ይኼ የበጋው መካከል ነው።»

«ነው።»

«በዚያን ጊዜ መስኩ ላይ ማን ነበረ?»

«ተራው የደረሰው።»

«ማን ማን ደርሶት ነበር አባባ? ይንገሩኝ።»

አባ ሚዛን ተራውን በቃሉ ያውቀዋል። «መለከት። ቀጥሎ እማማ ጥጥ። ቀጥሎ ...»

«እኔስ?»

ዐይኑን በልጁ እጅ ወዳሉት ቁራጮች መለሰ።

«ከዓመት ዓመት መጨረሻ ነኝ። ሳሩ አልቆ ሥሩ ሲቀር ‹ግቢ› ይሉኛል። እኔም አንድ ቀን እንኳ ለምን አላልኩም።»

«አንቺን ባስቀድም ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምንም እንዳይልዎ ብለው በጎቼን አስራቡብኝ!» ቁራጮቹን በመዳፉ ላይ መለሰችለት። «ስምዎን ሲቀልቡ ኖሩ፤ የቀለቡት ግን ከኔ ጋጣ ነው።»

እናትየዋ የድርቆሽ ሸክም ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። ሸክሙን አውርዳ እጇን በወገቧ ያዘች።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ስነግርህ ‹ሴትዮ ዝም በይ› ትለኛለህ። ይኸው አሁን በጉ ነገረህ። እስቲ በጉን ዝም በል በለው!»

በሌላ ቀን ቢሆን አባ ሚዛን አንዲት ቃል መልሶ ነገሩን በዘጋው ነበር። አሁን ግን በድርቆሹ ሸክም ላይ ተቀመጠ። ሰው ለራሱ ሲያደላ ይታያል፤ በገዛ ልጁ ላይ ሲያደላ ግን ጻድቅ ይባላል፣ እርሱም መባሉን ይወደዋል። ዕድሜውን ሙሉ ጣፋጭ ነገር አልቀምስም ሲል የኖረው ሰው፣ ይህን ጣፋጭ ከማንም ይልቅ በልቶት ነበር።

ልጅቱ በጭጋግ ራስ ላይ እጇን አሳረፈች። «ታዲያ ውሸት ነው? ደሙ ምንም የለውም?»

«አላውቅም።»

እናትና ልጅ ተያዩ። ይህን ቃል ከአፉ ሰምተውት አያውቁም።

«ተርቦ ያደገን በግ የሚያውቀው ማንም የለም» አለ። «እጄም፣ ማሽኑም አያውቁትም። ምናልባት ከሁሉ የሚሻል ነው፤ ምናልባትም ምንም አይደለም። በኔ ጥፋት ተሸፍኗል።»

በማግሥቱ ጧት አዳራሹ ሞላ። አባ ሚዛን ከጠረጴዛው ፊት ቆሞ፣ ምንም መግቢያ ሳያበጅ፣ ከጭጋግ ጎን ዘለላ ነጭቶ በሁሉ ፊት በጠሳት።

«እጄ አልተስማማም። ይህ ቅጥነት የረኀብ ነው። በጉን ያስራብኩትም እኔ ነኝ።» ተራውን እንዴት ሲያወጣ እንደ ኖረ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። «ልጄን ያስቀረሁት አድላለሁ እንዳይባል ነው። እርሱም አድልዎ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የመስኩን ተራ በዕጣ አውጡት፤ ከኔ እጅ ወጥቷል።»

መለከት ጸጥታ አይስማማውምና ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ።

«ይኸው ሚዛኑ ተሰበረ! እንግዲህ አንደኛው የኔ አውራ ነዋ!»

አባ ሚዛን ከመለከት አውራ ዘለላ ወስዶ ወጥሮ መታት። ጥርት ብላ ጮኸች።

«ጠንካራ ነው። ነገር ግን ያንተ በግ ሁልጊዜ መስኩ ላይ ቀድሞ ይገባል፤ ከቤትም እህል ይጨመርለታል።»

«ቀንተህ ነው?»

«ሱፍ በጥጋብ ይወፍራል። ምናልባት ያንተ አውራ ከምናየው ይልቅ ቀጭን ደም ይኖረው ይሆናል። ማሽኑ አልዋሸም፤ እኛ የጠየቅነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። አንዱ ጠግቦ፣ አንዱ ተርቦ እያለ ደም ከደም አይለይም።»

መለከት ይህን ስድብ ይበለው ምስጋና ግራ ገብቶት ተቀመጠ።

በዚህ ጊዜ የአባ ሚዛን ልጅ ወደ ፊት መጣች። ጧት ከቤት ስትወጣ ዕቃዋን ለማሰር ቆርጣ ነበር፤ አባቷ በሰው ሁሉ ፊት ሲናገር ስትሰማ ግን ሐሳቧ ወደ ሌላ ሄደ። «ሁሉንም አውራዎች አንድ በረት እናስገባቸው። አንድ ሣር፣ አንድ ውኃ፣ አንድ ቀለብ። አሁን ሙልጭ አድርገን ሸልተናቸው፣ ከዛሬ በኋላ የሚበቅለውን ሱፍ እንለካ። ዘንድሮ በአምናው አውራ እንለፍ።»

«በጣቢያው እኛም እንዲሁ ነው የምናደርገው» አለች ለኪዋ መነጽሯን እያወረደች። «መኖው እኩል ሲሆን ደሙ ይናገራል።»

«የኔ በግ ከናንተ አጥንታሞች ጋር ከዋለ ይታመምብኛል!» አለ መለከት።

ጸጉሯ ከሱፍ የነጣው አሮጊት አርቢ፣ እማማ ጥጥ፣ ምርኩዟን ወለሉ ላይ መታች። «አንተ ከኛ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ውለህ አልታመምክ! በጉ ካንተ ይከፋል እንዴ?»

ሣቁ ውሳኔ ሆነ። ማኅበሩ ተስማማ። ልጅቱ ግን ከአዳራሹ ሲወጡ ለአባቷ እንዲህ አለችው፦ «ሱፉ እስኪበቅል እቆያለሁ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልገባም።»

«አልጠየቅሁሽም» አለ፤ ወዲያው ቃሉ እንደ ሻከረ ታወቀውና፣ «ብትቆዪ ግን ደስ ይለኛል» ሲል ጨመረ። ልጅቱ ቆም ብላ አየችው። እርሱ እንደ ሰረቀ ሰው ወደ መሬት ተመለከተ።

የጋራው በረት ከአዳራሹ ጀርባ ተሠራ። ቀለቡን በተንጠልጣይ ሚዛን እየለካ የሚሰጠው አባ ሚዛን፣ የምትቆጣጠረው ልጁ ሆነች፤ ይህን የወሰነችው እማማ ጥጥ ናት። መለከት ሥራውን ትቶ በአጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «ያ የኔ በግ ከሳ! ዐይናችሁ አያይም?» እያለ ይውላል። የከሳ ነገር አልነበረም፤ ስብ ብቻ ነው የቀነሰው። ጭጋግ በአንጻሩ ጎኑ ሞላ፤ ትከሻው ሰፋ፤ ሌሎቹን በግንባሩ መግፋትም ጀመረ።

አንድ ቀን አባ ሚዛን ቀለብ እየለካ ሳለ ልጁ እጁን ያዘችው።

«አባባ፣ አሁን ቆንጥረው ያነሡት ከማን ነው?»

ተመለከተ። በእጁ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ ገብስ ነበር። የማን ድርሻ እንደ ሆነ ለማወቅ ሳህኖቹን መቁጠር ግድ ሆነበት።

«ከጭጋግ ነው» አለ በጣም ቀስ ብሎ።

«ትርፍ ነበረበት?»

«ልክ ነበር።»

«እንግዲያው ይመልሱት።»

መለሰው። ጣቶቹ ያለ እርሱ ፈቃድ የሠሩትን አይቶ ሳህኖቹን ሁሉ እንደገና መዘነ። ሰው ከክፉ ልማዱ ይልቅ መልካም ከሚመስለው ልማዱ ለመላቀቅ የበለጠ ይቸገራል፤ ክፉውን ጎረቤት ይነግረዋል፣ መልካም የሚመስለውን ግን ያመሰግንለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባ ሚዛን ሚዛኑን ለልጁ ሰጥቶ እርሱ ቀለቡን ብቻ ተሸከመ።

ሱፉ ሙሉ ዘለላ በሆነ ጊዜ አዳራሹ እንደገና ተከፈተ። አባ ሚዛን በመራጩ ወንበር አልተቀመጠም። «የልጄ በግ ባለበት ምርጫ እጄ አይገባም፤ ለእርሷም በእርሷም ላይ» ብሎ ከኋላ ቆመ። እማማ ጥጥ በእርሱ ፈንታ ዳሰሰች፤ ዘለላ ነጭታ ስትመታ ጆሮዋ ስለደከመ ለኪዋን «ጮኸ ወይስ አልጮኸም?» እያለች ትጠይቃለች። የጭጋግ ዘለላ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ። ልጅቱ ዐይኖቿን ጨፈነች።

ለኪዋ ቁጥሮቹን አየች፤ ለማረጋገጥ ሁለተኛ ለካች።

«አንደኛ የጋሼ አውራ ነው።»

መለከት አፉን ከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። አንደኛ ነኝ ብሎ የጮኸውን ያህል፣ አንደኛ መሆኑን እርሱ ራሱ አምኖት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ታወቀ። «የኔ? ያ ድብልብሉ?»

«እኩል ቀለብ ሲበላ ሱፉ ቀጠነ። ሁለተኛው ጭጋግ ነው። ሱፉ ከአምናው ወፍሯል፤ ግን በጥቂት ብቻ ነው የሚበለጠው። የቀሩት ሩቅ ናቸው።»

ልጅቱ የጭጋግን ገመድ በእጇ ጠቀለለች። ሁለተኛ መውጣት አለመመረጥ ማለት ነው፤ ወደ በሩም ዞረች። አባቷ ያያት ነበር፤ ሊናገር ፈለገ፤ መናገር ግን የእርሱ ፋንታ አልነበረም።

«ቆይ እስቲ» አለች እማማ ጥጥ። «በየዓመቱ አንድ አውራ፣ አንድ አውራ ስንል መንጋው ሁሉ ወንድምና እኅት ሆኖብናል። ባለፈው መንጋዬ ውስጥ አጎት ያልሆነ ወጠጤ ፈልጌ አጣሁ። ሁለት አውራ ብንይዝ ማን ይከለክለናል?»

«እኔም ይህንኑ ልላችሁ ነበር» አለች ለኪዋ። «እንስቶቹን ለሁለት እንክፈላቸው። የማን ደም እንደሚሻል በልጆቻቸው ሱፍ እናያለን። እውነተኛው ፍርድ ያ ነው።»

እጆች ተነሡ፤ የመለከትም እጅ ተነሣ። ድምፁ ተመልሶለት ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ፋብሪካሽ ይቅርብሽ! የማሸንፈው ሰው እፈልጋለሁ!»

«ማሸነፍዎን ገና በልጆቻቸው ነው የምናየው፣ ጋሼ። እስከዚያ ድረስ ድምፅዎን ይቆጥቡ።»

«ይህቺማ ቀርታለች!» አለ መለከት ወደ ሰዉ ዞሮ። ልጅቱ አልካደችም።

ከቀናት በኋላ ልጅቱ ለጭጋግ የሚደርሱትን እንስቶች ለመምረጥ ወደ አባቷ በረት መጣች። አባ ሚዛን ከሁሉ የሚወዳትን፣ አንገቷ ላይ ነጭ ምልክት ያለባትን እናት በግ ይዞ ቀረበ። ልጅቱ ጎኗን ከፍታ አየች፣ ወደደችውም፤ ከዚያ ወደ ጭኗ ወርዳ ሱፉን በጣቶቿ አሻሸች። ሸካራ ነበር።

«ይህቺ አትሆንም።»

አባ ሚዛን አፉን ከፈተ። የእናቷን እናት እርሱ መርጧት ነበር። ጭኗ ላይ እጁን አድርጎ እርሱም ዳሰሰ፤ አፉንም ገጠመ።

«የሚቀጥለዋን ያምጡልኝ፣ አባባ።»

የወደዳትን በግ ለቀቀ። ሌላዪቱን ከመንጋው መካከል አውጥቶ፣ አንገቷን በክንዱ አቅፎ፣ ጎኗን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ለልጁ ያዘላት።